የተጻፈውን የሚያነብ ቺፕ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት «በኮምፒውተር ጥገና ክፍል ላበረከቱት የረጅም ዘመን ድጋፍ» ይላል። ወረቀቱን ያነበበልኝ የሰው ኃይል ሠራተኛ ከተቀጠረ ዓመት ያልሞላው ልጅ ስለሆነ በእሱ አልፈርድም፤ የሰጡትን ነው ያነበበው። ሰው አጨበጨበ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሳን። እኔ ግን ኬኩን ሳልቀምስ አስቀመጥኩት። በዚያ መሥሪያ ቤት አንድም ቀን ኮምፒውተር ጠግኜ አላውቅም።

ኮምፒውተር መጠገን ነውር ሆኖ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ያልሠራሁትን ሲያመሰግኑ የሠራሁትን እየቀበሩት ስለሆነ ነው። እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ እዚሁ ቦሌ፣ አንድ ሕንጻ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም ያለ ተርጓሚ በቀጥታ የሚያስኬድ ፕሮሰሰር ነድፈናል። ሠርቷል። ለአንድ መንደር ውሃ ገፍቷል። ከዚያም አጥፍቷል፤ ያጠፋውም በእኔ ፊርማ ነው። ጥፋቱንም ልፋቱንም አንድ ላይ ከመዝገብ ስለፋቁት ሁለቱንም እኔው እጽፋቸዋለሁ።

ሙሉነሽ እባላለሁ። በኤሌክትሪክ ምህንድስና እንደተመረቅኩ የተቀጠርኩት ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም በማይርቅ፣ ዛሬ በሌለ አንድ የግል ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። ወርክሾፑ ከአነስተኛ የጭነት አውሮፕላኖች የሚወጡ የመቆጣጠሪያ ሳጥኖችን ይጠግናል። የክፍሉ አለቃ ገና ሲያየኝ «ብየዳው እጅሽን ያበላሸዋል» ብሎ መዝገብ ቤት አስቀመጠኝ። ዲግሪዬን ይዤ ዓመት ከመንፈቅ ፋይል ደረደርኩ፤ ስብሰባ ሲኖር ሻይ አዞርኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ውለታ የዋለልኝ ይመስለው ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ያወጡኝ ጋሽ ተካልኝ ናቸው። ያኔ አርባ ዓመት ገደማቸው ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በወርክሾፑ ውስጥ ከባዱ ብልሽት ሁሉ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ቴክኒሻን። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሻይ ሳዞር አዩኝና አለቃውን፣ «ይህችን ልጅ ለእኔ ስጠኝ» አሉት።

«ምን ታደርግልሃለች?»

«አሥራ ሁለት ብርጭቆ ተሸክማ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። እጇ አይንቀጠቀጥም። እኔ የቸገረኝ እጅ ነው።»

አምስት ዓመት የተማርኩት ምህንድስና ያላስገኘልኝን ቦታ ሻይ ማዞር አስገኘልኝ።

ጋሽ ተካልኝ ብልሽት ሲፈልጉ አይቀመጡም። የተመቸው ሰው አንዴ ያመነውን ነገር ለመተው ይሰንፋል ብለው ያምኑ ነበር፤ ስለዚህ ወንበራቸው ላይ ሁልጊዜ የዕቃ ካርቶን ነበር የሚቀመጠው። አንድ ቦርድ ተጠግኖ ሲነሳ «ሠራ» ማለት እሳቸው ዘንድ ክልክል ነው፤ የሚባለው «እስካሁን አልወደቀም» ነው። መደርደሪያቸው ላይ አንድ ወፍራም የስህተት ደብተር ነበራቸው። የተሳሳተ ሰው ምን እንደተሳሳተና ለምን እንደተሳሳተ በገዛ እጁ ጽፎ ስሙን ያኖርበታል። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ገጾች የሞሉት ራሳቸው ናቸው። አዲስ ሰው ሲመጣ የብየዳ ካውያ ከማስያዛቸው በፊት ያንን ደብተር ከዳር እስከ ዳር ያስነብቡታል። እኔን ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ በዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ግማሹን ያህል የተማርኩበት ሁለት ቀን ነበር።

ከሁሉ በላይ ያሰለቹኝ፣ በኋላም ያኖሩኝ በአንድ ጥያቄ ነው። ዲጂታል ዕቃ ሁሉ እንደ ልብ የሚመታ ሰዓት አለው፤ በእያንዳንዱ ምት እያንዳንዱ ክፍል የያዘውን ለሚቀጥለው ያቀብላል። ጋሽ ተካልኝ ንድፉ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ምቱ ሲመታ ማን ምን ይዟል?» ይሉኛል። መልሱ ከጠፋኝ ጣታቸውን ከዚያ ነጥብ አያነሱም። አንዴ ምሳ ሰዓት አልፎ ሁለታችንም እዚያው ቆመን ቀረን።

ፕሮሰሰሩ የተፀነሰው በአንድ ሳጥን ምክንያት ነው። ከአንድ የጭነት አውሮፕላን የወጣ ሳጥን ሦስት ጊዜ ውጭ አገር ወዳለው አምራች ተልኮ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ብልሽት አልተገኘበትም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ተመለሰ። አውሮፕላኑ ላይ ሲገጠም ግን በየሳምንቱ የተሳሳተ የሙቀት ንባብ ይሰጣል። ጋሽ ተካልኝ ሽቦውን፣ ብየዳውን፣ ሁሉንም ፈተሹ፤ ደህና ነው። የቀረው ውስጡ ያለው ፕሮግራም ነበር። እሱን ደግሞ ማንበብ አይቻልም።

እዚህ ላይ ነገሩን ማስረዳት አለብኝ። ተራ ፕሮሰሰር የሚገባው እጅግ ጥቃቅን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ይህን ቁጥር ከዚያ አምጣ፣ ከዚህኛው ጋር ደምር፣ እዚያ አስቀምጥ። ሰው የሚያስበው ግን «ሙቀቱ ካለፈ መብራቱን አብራ» ብሎ ነው። በመሃል ተርጓሚ የሚባል ፕሮግራም ይገባና ያንን አንድ መስመር ይፈጨዋል። ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ዱቄቱ ነው። ዱቄቱን አይቶ እህሉ ምን እንደነበር መናገር ጭንቅ ነው፤ እህሉ ደግሞ አምራቹ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል።

ጋሽ ተካልኝ ሳጥኑን ለአራተኛ ጊዜ ካርቶን ውስጥ ሲከቱ፣ «እኛ ጠጋኞች አይደለንም። አድራሻ ጸሐፊዎች ነን» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ፕሮሰሰሩ ራሱ የሰውን አጻጻፍ ቢያውቅ፣ ሳይፈጭ እንዳለ ቢያስኬደው፣ ሳጥኑን ከፍቶ ያዘዙትን ማንበብ ይቻል ነበር» አሉ። ያን ቀን የተናገሩትን ከልብ አልሰማኋቸውም። እሳቸው ግን ለዓመታት አልተዉትም።

ወርክሾፑ ሲዘጋ ሁለታችንም ቦሌ ውስጥ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ገባን። ዳይሬክተሩን አቶ ናሆም እላቸዋለሁ፤ ስማቸው ይህ አይደለም። ከእኔ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ንግግር ያውቃሉ። ሐቁን ልናገርና፣ የጋሽ ተካልኝን ሐሳብ ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ክፍል ሰጡን፣ ሦስት ወጣት መሐንዲሶች ጨመሩልን። በእንግዶች ፊት «አገር በቀል ፕሮሰሰር» ይሉ ነበር፤ የምንሠራው ምን እንደሆነ አንድም ቀን ሙሉውን ተቀምጠው ባይሰሙም።

ቺፕ የሚያትም ፋብሪካ አገር ውስጥ ስለሌለ የገዛነው ኤፍፒጂኤ የሚባለውን፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚመጣና ነዳፊው እንደፈለገ ደግሞ ደጋግሞ የሚያደራጀውን ቺፕ ነው። ካርጎ መጋዘን ልረከብ ስሄድ ሠራተኛው «ምን ይሠራል?» አለኝ። «ገና ምንም አይሠራም። የሚሠራውን የምንነግረው እኛ ነን» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ቅጹ ላይ «ባዶ ዕቃ» ብሎ ጻፈ። የወረቀት ሥራው በዚህ ይብቃ።

ንድፉ አራት ዓመት ወሰደ። የእኛ ፕሮሰሰር የሚገባቸው ትእዛዞች ስም መስጠት፣ ዝርዝር መክፈት፣ ሁኔታ መመዘን፣ ሥራ መጥራት ናቸው፤ ማለትም ቋንቋው ራሱ። ፕሮሰሰሩ የሚያስታውሰውን በሚያኖርበት ማህደር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቃል ጀርባው ላይ ትንሽ መለያ ይሸከማል፤ እኔ ቁጥር ነኝ፣ እኔ ስም ነኝ፣ እኔ ዝርዝር ነኝ ይላል። አንድ ሰው ተሳስቶ ቁጥርን ከስም ጋር ደምር ብሎ ቢጽፍ፣ በዚያው ምት ፕሮሰሰሩ ራሱ እምቢ ይላል። ያን ማጣሪያ የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል።

አስቸጋሪው ጠራጊው ነበር። እንዲህ ዓይነት ቋንቋ ሲሠራ ያገለገሉ ዝርዝሮችን እየጣለ ይሄዳል፤ ካልተጠረጉ ማህደሩ ይሞላል። ጠራጊው ከዋናው ሥራ ጎን ለጎን እየዞረ፣ የሚፈለገውን ወደ አንድ ወገን ያዛውራል፣ የማይፈለገውን ቦታ ባዶ ያደርጋል። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ እየጻፈ ሌላው ጠረጴዛ እያነሳ እንደሚኖርበት አድርጋችሁ አስቡት። ጠራጊውንም የነደፍኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራችን ከአያት ወዲያ፣ ለሚ ኩራ ውስጥ ያለ አንድ የመኖሪያ መንደር ነበር። መንደሩ የራሱ ጥልቅ ጉድጓድና ኮረብታ ላይ የተሠራ ታንከር አለው። ፓምፑን የምትቆጣጠረው ከድጃ የምትባል ቴክኒሻን ናት፤ ወላጆቿ ከወሎ የመጡ፣ አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እሷ በቴክኒክና ሙያ የተመረቀች፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት የአንዲት ልጅ እናት። የቋንቋችን ቃላት አማርኛ ስለሆኑ የፓምፑን ሕግ ራሷ እንድትጽፍ ነበር የፈለግነው። ሁለት ቀን አሠለጠንኳት። በሦስተኛው ቀን እሷ እኔን አሠለጠነችኝ።

«እትዬ ሙሉ፣ ይህ ‹እስኪደርስ› የሚለው ቃል አልገባኝም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«‹ሦስት ሜትር እስኪደርስ አስኪድ› ስለው፣ ከታች ሲመጣ ነው ወይስ ከላይ ሲወርድ? ታንከሩ ይሞላል፣ ጉድጓዱ ይጎድላል። ሁለቱም ሦስት ሜትር ይደርሳሉ።»

አምስት ነዳፊዎች አራት ዓመት ሙሉ ያላየነውን በሦስት ቀን አየችው። ንድፉን ከፍተን ቃሉን ለሁለት ከፈልነው፤ «እስኪሞላ» እና «እስኪጎድል» ሆነ። ጋሽ ተካልኝ የስህተቱን ደብተር አውጥተው የአምስታችንንም ስም አስጻፉን። ከድጃንም ስሟን ጻፊ አሏት፤ ስህተቱን ያገኘች ተብሎ።

አሁን የሚከብደኝ ቦታ ላይ ደረስኩ።

ፓምፑን ከማስረከባችን በፊት ፕሮሰሰሩ ጠረጴዛ ላይ ለቀናት ሳይቆም ይፈተን ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት የሙከራውን መዝገብ ሳነብ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ሞተሩን አቁም» የሚለው ትእዛዝ እንዳልወጣ አየሁ። ደገምኩት፤ ወጣ። መቶ ጊዜ ደገምኩት፤ ወጣ። ጋሽ ተካልኝ በዚያ ሳምንት ለዓይናቸው ሕክምና ቀርተው ነበር። አቶ ናሆም በሩ ላይ ቆመው፣ «ኢንጂነር፣ የመንደሩ ሰዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ቅጹ ይፈረም» አሉኝ።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።»

«ተደገመ?»

«አልተደገመም።»

«እንግዲያው የመብራት መዋዠቅ ይሆናል። ይጻፉትና ይፈርሙ።»

«አንድ ጊዜ ታይቷል፤ አልተደገመም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አስገደዱኝ ማለት እችል ነበር። እጄን ግን ማንም አልያዘውም። ለጋሽ ተካልኝ ብነግራቸው ርክክቡን እንደሚያስቆሙት አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ሲመለሱ አልነገርኳቸውም።

ከስምንት ወር በኋላ ፕሮሰሰሩ ሞተሩን ሳያቆም ቀረ። የጉድጓዱ ውሃ ወረደ፣ ፓምፑ ደረቅ አየር እየሳበ ዞረ፣ ሞተሩ ተቃጠለ። መንደሩ ለሦስት ሳምንት ውሃ አጣ። ሰው ከመገናኛ ሳይቀር በመኪና ጀሪካን ይጭን ነበር። አንዲት አሮጊት ውሃ ይዘው ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። የመንደሩ አስተዳደር ሞተሩ በተቃጠለ ማግሥት ጥፋተኛዋን አገኘ፤ ከድጃ «ጉድጓዱ እስኪጎድል» የሚለውን መስመር አጥፍታለች፣ ወይም ከመጀመሪያው አልጻፈችውም ተባለ። ከሥራ ታገደች።

በሦስተኛው ቀን ሄጄ ላፕቶፔን ፕሮሰሰራችን ያለበት ሳጥን ላይ ሰካሁ። ሌላ ሳጥን ቢሆን የማገኘው ዱቄት ነበር። የእኛው ግን የተጻፈውን እንደተጻፈ ይዟል። ሰባተኛው መስመር ላይ፣ በከድጃ አጻጻፍ፣ «ጉድጓዱ ወደ ሦስት ሜትር እስኪጎድል አስኪድ፤ ከዚያ ሞተሩን አቁም» ይላል። ምንም አልጎደለውም። ጋሽ ተካልኝ ለዚህ ቀን ብለው ነበር ዕድሜያቸውን የሰጡት፤ ሳጥኑ ምን እንደታዘዘ በግልጽ ተናገረ። የተናገረው ደግሞ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ነበር።

በቀጥታ ወደ አቶ ናሆም ቢሮ ወጣሁ።

«መስመሩ አለ። ልጅቷ አላጠፋችም» አልኳቸው።

«መኖሩን ማን ያውቃል?»

«እኔ በዓይኔ አንብቤዋለሁ።»

«ከእርስዎ ሌላ?»

«ገና ማንም።»

«እንግዲያው ገና አልታወቀም ማለት ነው» አሉና ስልካቸውን አነሱ።

ያንን ቢሮ ለቅቄ ስወጣ ደሜ ፈልቶ ነበር። የፈላ ደሜን ይዤ ግን የትም አልሄድኩም። ለራሴ፣ መንስኤው ሳይታወቅ መናገር ተገቢ አይደለም አልኩት። ምህንድስና የሚመስል ሰበብ ነበር። ያሰርኩት አፌን እንደሆነ ውስጤ ያውቃል።

መንስኤውን ጋሽ ተካልኝ አገኙት። የሙከራ ቅጹን አሳየኋቸው፤ አንብበው ወደ ጎን አኖሩትና ወረቀት አንጥፈው እያንዳንዱን ምት በእርሳስ መሳል ጀመሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ወረቀቱን ፊታቸው ድረስ ያስጠጉ ነበር። አምስት ሳምንት ቆመው ሠሩ። በመጨረሻ ጠርተውኝ ጣታቸውን አንድ ነጥብ ላይ አሳረፉ።

«ምቱ ሲመታ ማን ምን ይዟል?»

አየሁት። ጠራጊው የከድጃን ሕጎች ወደ አዲስ ቦታ አዛውሮ፣ አዲሱን አድራሻ ገና አላስታወቀም። በዚያችው ምት ከጉድጓዱ «ውሃው ወርዷል» የሚል ምልክት ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ ሕጉን ሊያነብ ወደ ድሮው አድራሻ ይሄዳል፤ ቦታው ባዶ ነው። ባዶ ዝርዝር ደግሞ በቋንቋችን የሚሠራ ሕግ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየዞረ እሱ አርፎ ተቀመጠ። ሁሉ ነገር የተበላሸው በአንዲት ምት ነው፤ ጠራጊው አንድ ምት ቢታገሥ ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ደብተሩን አውጥተው እስክሪብቶ ሰጡኝ። ፊርማዬን ጨምሮ ሁሉንም ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ፣ «ይህ ለእኛ ነው። አሁን ደግሞ ለሚመለከታት ሰው ንገሪ» አሉኝ።

የከድጃን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ በመንደሩ አዳራሽ ተሰብስቦ ነበር፤ ሞተሩ ከተቃጠለ አርባ አንደኛ ቀኑ ነው። ማንም አልጠራኝም። ገብቼ ቆምኩና፣ «የእሷ ጥፋት አይደለም። የጻፈችው መስመር አለ። ያጠፋው የእኛ ፕሮሰሰር ነው፤ ምልክቱን በሙከራ ጊዜ አይቼ ፈርሜ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሰብሳቢው የጡረታ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «መስመሩ መኖሩን መቼ አወቁ?» አሉኝ።

«በሦስተኛው ቀን።»

ከድጃ እስከዚያ ድረስ ወለሉን ነበር የምታየው። ቀና አለች።

«በሦስተኛው ቀን?»

«አዎ።»

«ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ያስጠማችን ሲለኝ፣ ልጄን በር ላይ ሲሰድቧት፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እሺ» አለች። ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ሲወሰን አላመሰገነችኝም፤ ልታመሰግነኝም አይገባም። ስትወጣ አብሬያት ልወጣ ተነሳሁ። መዳፏን አሳየችኝ፤ ይቅሩ ማለቷ ነበር። ቀረሁ።

ጠራጊውን በአራት ቀን አስተካከልነው። ያንኑ አጋጣሚ ሆን ብለን እየፈጠርን ለሁለት ወር አስጨነቅነው፤ አልወደቀም። አቶ ናሆም ግን በኮሚቴው ፊት የተናገርኩትን ቃል በቃል ጠቅሰው ደብዳቤ ጻፉ፤ «ነዳፊዋ ራሳቸው አደገኛነቱን ስላመኑ» ፕሮጀክቱ ተዘግቷል ይላል። አስቡት። መስመሩ መኖሩን እንድደብቅ ሲፈልጉ ፕሮሰሰሩ ደህና ነበር። እውነቱን ስናገር፣ ስህተቱም ታርሞ ሲያበቃ፣ አደገኛ ሆነ። በእሱ ፈንታ መንደሩ ላይ የተገጠመው ከውጭ የመጣ የታሸገ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ስንት ስህተት እንዳለ ማንም ስለማያውቅ ስህተት የለበትም ተባለ።

ጋሽ ተካልኝ አንድ ሰኞ ጠዋት ሲመጡ የመግቢያ ካርዳቸው በሩን አልከፍት አለ። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው ምድር ቤት ጥበቃው ጋ አቁመው ዕቃቸውን በካርቶን አወረዱላቸው። እሳቸው የጠየቁት ደብተሩን ብቻ ነበር። የድርጅቱ ንብረት ነው ተባሉ።

«የራሴን ስህተት እንኳ ከለከሉኝ» አሉኝ በስልክ። ሲስቁ ሰማኋቸው፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እኔ አልለቀቅኩም። ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶት ነበር። እነዚያን አራት ዓመታት የታሸጉ ሳጥኖች መግዣ ዝርዝር ስጽፍ አሳለፍኩ። ይህንንም የጻፍኩት ንጹሕ መስዬ እንዳልቀርብ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ ሙሉ፣ ከድጃ ነኝ።» ከአዳራሹ ወዲህ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። «ሳጥኑ ዝም ብሏል። ይመጣሉ?»

በባቡር አያት ድረስ ሄጄ ከዚያ ታክሲ ያዝኩ። ሳጥኑ አንድ ቀይ መብራት አብርቶ ተቀምጧል። መክፈት ዋስትናውን ያሳጣል የሚል ተለጣፊ አለበት። ላፕቶፔን ብሰካው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ቃሉ ያለው አምራቹ ዘንድ ነው። አምራቹም ይላክልኝ፣ በሁለት ወር እመልሳለሁ ብሏል።

«ምን ይላል?» አለችኝ ከድጃ።

«ምንም አይልም።»

«እኔንም ምንም አላለኝም» አለችና የሳጥኑን መስመር ነቅላ ሞተሩን ከእጅ ማብሪያው ጋር አገናኘችው። ረዳቷ ፈቃድ ላይ ነው። አንድ ሰው ጉድጓዱ ጋ ንባቡን እያየ ማብሪያውን መያዝ፣ አንድ ሰው ኮረብታው ላይ ታንከሩን ማየት አለበት። ሁለት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ። ወደ ኮረብታው ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ «ሦስት ሜትር ሲደርስ ያጥፉት። እኔን አይጠብቁ፤ ራስዎ ያጥፉት» አለችኝ።

ሞተሩን አስነሳሁት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሜትሩን ማየት ጀመርኩ። አምስት ሜትር ከሃያ። ከሦስት ይበልጣል፤ ይሂድ። አምስት ሜትር ከአሥር። ከሦስት ይበልጣል፤ ይሂድ። እንዲህ ስል ትንሽ ቆይቶ ነው ምን እያደረግኩ እንደሆነ የገባኝ። ንባብ ማምጣት፣ ከሕጉ ጋር ማመዛዘን፣ መወሰን፣ እንደገና ንባብ ማምጣት። ይህን የሚሠራ ዕቃ ነድፌ፣ አሳስቼ፣ አርሜ አስረክቤ ነበር። የታረመው ዕቃ ቦሌ ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ እኔ በስልሳ ዓመቴ እሱን ተክቼ ለሚ ኩራ ላይ አንድ እጄን ማብሪያ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ንዴቱ እጄን ሊያንቀጠቅጠው ፈለገ። አልፈቀድኩለትም፤ ሜትሩ አራት ከአምስት ይል ነበር።

ሦስት ሜትር ላይ አጠፋሁት።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት።

«ታንከሩ ከግማሽ በላይ ሆኗል። ለዛሬ ይበቃል» አለች።

ከኮረብታው ስትወርድ የፓምፕ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠበቅኳት። ከሕንጻዎቹ በአንዱ በረንዳ ላይ ሰው ባልዲ ሲያስቀምጥ ይሰማል። ቁልፉን ዘጋች፣ ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጋ ሞከረችው፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምንጀምረው። ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ።»

«እንዳይዘገዩ» አለችኝ።